አብነት ከረባት ያሰረ ዕለት

ጅማ፣ ሐምሌ 1997

እትዬ ትህትና፣

ከሁሉ አስቀድሜ ኃጢአቴን ልናዘዝ፤ እማዬ የምትለውን ብቻ ልጽፍ አማትቤ ምዬ ነበር፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።

የእማዬ ቃል ይህ ነው፦ «የዓይኔ ብርሃን፣ እመቤቴ በሰው አገር ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡም ጥሩ ነው፤ ወንድምሽ አብነትም ደህና ነው።»

አብነት ደህና አይደለም። ተሽከርካሪ ወንበር የሚያድል ድርጅት መጥቶ የችግረኛ ማስረጃ ከቀበሌ አምጡ አለን። ቀበሌው ደግሞ ባለጉዳዩ ራሱ ይቅረብ አለ፤ ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። እማዬ «የመምህር ልጅ ተጎሳቁሎ ቢሮ አይገባም» ብላ የአባዬን ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ አለበሰችው። ጎረቤታችን ጋሽ ደሬሳ አዝለው አወጡት። ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አየውና «ይሄማ ችግረኛ አይመስልም» አለ።

«ጌታዬ፣ የታመመው እግሩ ነው እንጂ ከረባቱ አይደለም» አሉ ጋሽ ደሬሳ።

ማስረጃውን ከለከሉን፤ የመጨረሻው ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አሰንዳቦ ከተማ ሄደ። እማዬ ግን አሁንም «ታዲያ ቡትቶ ላልብሰው ኖሯል?» ትላለች። አብነት ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደም፤ ጎኑ መቁሰል ጀምሯል። ጤና ጣቢያ እንዳንወስደው የጋሽ ደሬሳ ወገብ ተይዟል፤ ሌላ የሚያዝልልን የለም።

አሁን እማዬ ምርቃት ጀምራለች፤ ረጅም ስለሆነ ጊዜ አለኝ። እባክሽ እትዬ፣ ወንበር ፈልጊለት። ጎማው ወፍራም ይሁን፤ የሰፈራችንን ጭቃ ታውቂዋለሽ። ከእኔ መስማትሽን ግን ለእማዬ እንዳት... ይኸው ጠራችኝ፦

«ሶሲ፣ እኔ አሜን ካልኩ ቆየሁ፤ እጅሽ ምን ይጽፋል?»