ዳር እስከ ዳር ይቀባ ወይስ ጠብታ ይበቃል

እታለም፣

እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ጎርነን ብሎብኝ ብርድ ነው ወይስ ያለቀስሽበት ነው ስልሽ ሳቅሽብኝ እንጂ አልመለስሽልኝም። አባባስ ዓይናቸውን ለሐኪም አሳዩ? ልጆቹንስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሴንም ጠይቄው አላውቅም።

ቅመምን ልላካት ወይስ ትቅር፣ በአንድ ቃል መልሺልኝ ብለሽኛል። አንድ ቃል ቀላል መስሎሽ። ትምጣ ብዬ እጽፍና እሰርዘዋለሁ። ትቅር ብዬ እጽፍና ደግሞ ታናሻችን መስኮት ሥር ኩርምት ብላ ትታየኛለች። ፎቶ ኮፒ ቤት የሌላ ሰው ጥፋት ተላክኮባት ከወጣች ወዲህ ከደጃፍ አላልፍም ብላ የለ? ቅመም ሲቆጧት አትመልስም። ጥፋቱ የሷ ባይሆንም አንገቷን ደፍታ ትቀበላለች። እዚህ መጥታ ያው ነገር ቢደርስባት ያመጣኋት እኔ ነኝ። አሠሪዎቼ ባልና ሚስቱ፣ ትምጣና እናስተምራታለን ብለዋል። ግን ምኑን? እነሱ ራሳቸው ሥራውን ያውቁት እንደሆነ እኔ አላውቅም። እስቲ ልንገርሽ።

ኮምፒውተር ውስጥ ፕሮሰሰር የሚሉት ከብስኩት የማይበልጥ አራት ማዕዘን ነገር አለ። የሚያስበው እሱ ነው፤ ሲያስብ ይግላል። ሙቀቱን እንዲወስድለት ከላዩ ማራገቢያ ያለው ብረት ይጫንበታል። ሁለቱ ለዓይን ልሙጥ ቢሆኑም ገጥመው አይገጥሙም፣ መሃላቸው አየር ይቀራል። ያንን የሚሞላው ፔስት ነው፤ የጥርስ ሳሙና የመሰለ ቅባት። ሲቆይ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። የኔ ሥራ የደረቀውን ጠርጎ አዲስ መቀባት ነው። ሰው ሥራሽ ምንድነው ሲለኝ ጠራጊ ነኝ ልበል ቀቢ ነኝ ልበል ይጠፋኛል።

ሱቃችን ጠባብ ናት። የባልየው ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ፣ የሚስትየዋ ወደ ግድግዳው፣ የኔ ወንበር መሃል። በዕድሜ ብዙም አይበልጡኝም፤ አንተ፣ አንቺ ነው የምንባባለው። እሱ ፔስቱ በካርድ ስስ ተደርጎ ዳር እስከ ዳር ይቀባ ይላል። እሷ መሃሉ ላይ ምስር የምታህል ጠብታ ትበቃለች፣ ብረቱ ሲጫናት ራሷ ትዘረጋለች ትላለች። እሱ ብር የመሰለውን ፔስት ይመርጣል፣ ሙቀት ፈጥኖ ያሳልፋል ብሎ። እሷ ነጩን፤ ያንተኛው ጠርዝ ካለፈ ኤሌክትሪክ አስተላልፎ ያቃጥላል ብላ። መጥረጉ ላይ እንኳ አይስማሙም። እሱ በሶፍት ነው። እሷ ሶፍት ብናኝ ይተዋል ብላ የመነጽር ጨርቅ በአልኮል ታርሳለች። እኔ እሱ ሲያየኝ እቀባለሁ፣ እሷ ስታየኝ ጠብ አደርጋለሁ። ሁለቱም ሲያዩኝ እጄን ልታጠብ እወጣለሁ። ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳልሆን።

ባለፈው ሳምንት ጥድፊያ የምንለው ደንበኛ መጣ። ቪዲዮ አቀናባሪ ነው፤ ቆሞ የሚያወራ፣ ቆሞ የሚቆጣ። ማራገቢያው ተሰብሮ ነበርና ከነብረቱ በአዲስ ቀየርንለት። ቀየርንለት ያልኩት አውቄ ነው። ያን ቀን ሦስታችንም ነክተነዋል። አንዱ ካርቶኑን ከፈተ፣ አንዱ ብሎን አጠበቀ፣ አንዱ መሃል ላይ ስልክ ሊያነሳ ሄደ። ማን የቱን እንደሠራ አሁን ባስበው ይደበላለቅብኛል።

በማግስቱ ጥድፊያ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ተመለሰ። ገና ሥራ ሲጀምር ይግልና ድርግም ይላል፤ ምን አድርጌያችሁ ነው፣ የአባታችሁ ገዳይ ነኝ እንዴ አለን። ባልየው ከፈተውና ይኸው፣ ጠብታዋ ናት ጉዱ፣ ዳሩ ጾሙን አድሯል አለ። ጠርጎ በራሱ መንገድ ቀባው። ድርግም። ሚስትየዋ አንተ ፕሮሰሰር ነው ግድግዳ የምትቀባው ብላ ጠርጋ በሷ መንገድ አደረገችው። ድርግም። ያንቺ ጠብታ ለወፍም አትበቃ አላት። ጥድፊያ እናንተ ስትታረቁ ጥሩኝ ብሎ ሄደ።

ከዚያ ተኳርፈው እሱ ወደ መስኮቱ፣ እሷ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እታለም፣ ጀርባቸውን ብታዪ። አንድ ጊዜ ከግድግዳው በኩል ሱቁን ብንካፈል ይሻላል የሚል ነገር ሰማሁ። ወይም የሰማሁ መሰለኝ። ቅመም ከየትኛው ጠረጴዛ ልትሆን ነው አልኩ በሆዴ። ትቅር ብዬ የጻፍኩት ያኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት እስቲ አንቺ ጥረጊው ተባልኩ። ፕሮሰሰሩን አጸዳሁ። ብረቱን ገልብጬ ሆዱን ስጠርግ ጨርቁን ጠርዙ ላይ የሆነ ነገር ያዘው። በጥፍሬ ሳብ ሳደርገው ተላጠ። ስስ ላስቲክ። አዲስ ስልክ ላይ ተለጥፎ እንደሚመጣው፣ አለ እንኳ የማይባል። ብረቱ ሲገጠም መላጥ ነበረበት። ሳይላጥ ቀርቶ ፔስቱ ሁሉ በሱ ላይ ሲቀባ ሲጠረግ ከርሟል። ብሩም ነጩም፣ ዳሩም ጠብታዋም ያጠፉት የለም።

ማን ገጠመው? ብረቱን ከካርቶኑ ሳወጣው ትዝ ይለኛል። ወይም የሌላ ቀን ነው ትዝ የሚለኝ። እጄ ያውቅ ይሆናል፣ እኔ አላውቅም። ላስቲኩን ጨብጬ ቆምኩ። ብጥለው ማንም አያይም። ቅመም ብትሆን እኔ ነኝ ትል ነበር፣ ባትሆንም። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና እኔ ልሆን እችላለሁ አልኩ። ድምፄ የሰው ድምፅ መሰለኝ።

ባልየው ላስቲኩን አየው። እኔ ነኝ የገጠምኩት አለ። ሚስትየዋ ከግድግዳው ዞራ፣ አንተ መቼ ከስልክ ላይ ወርደህ ትገጥማለህ፣ እኔ ነኝ አለች። ብሎኑን ያጠበቅኩት እኮ እኔ ነኝ አላት። ብሎን ማጥበቅ መግጠም ነው እንዴ አለችው። በፔስቱ በተጣሉበት ድምፅ፣ በዚያው ግለት ጥፋቱን ተሻሙት። እኔ ግን እኮ ምናልባት ስል፣ ሁለቱም ባንድ አፍ፣ አንቺ ዝም በይ አሉኝ።

እልህ ይሁን፣ ለኔ አዝነው ይሁን፣ እውነትም ሁለቱም የገጠሙት መስሏቸው ይሁን፣ አልገባኝም። እነሱ ሲሟገቱ ነጩን ፔስት ጠብ አደረግኩና ትንሽ በካርድ ዘረጋሁት። ማንም አላየኝም። ኮምፒውተሩ ይኸው እስካሁን እየሠራ ነው፤ እነሱም ይኸው እስካሁን።

ሰዎቹን አላውቃቸውም ልልሽ እችላለሁ። ሥራውንም ማን በትክክል እንደሚያውቀው አልነግርሽም። ጥፋት የሚሻሙበት ቤት ግን ከዚህ በፊት አላየሁም፤ እዚህ ቤት ቅመም የሰው ጥፋት ልቀበል ብትልም ተራ አይደርሳትም። ቃሉ ይኸውልሽ፤ ትምጣ። እጄ አሁንም ሊሰርዘው ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቶሎ ፖስታውን ልዝጋ። ይዟት ለሚመጣው ለአጎታችን ልጅ ንገሪው፣ መኪናው ሲነሳ ከፊት ያስቀምጣት፤ ከኋላ ያጥወለውላታል።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለባልሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ጣሪያውን ብቻውን እንዳይወጣ በይው። ትልቁን ልጅ ጥርሱ ወለቀ ወይ ብላለች በይልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ግድግዳ ለምትጋራን ጎረቤታችንም፣ ሳሏ ናፍቆኛል በያት። ለቅመም ሰላምታ አልልክም። ከመኪናው ስትወርድ ራሴ እሰጣታለሁ።

እህትሽ

ከሱቁ፣ ከመሃለኛው ወንበር
ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ የካቲት 14