የማይበጠሰው ገመድ

ቦንጋ፣ ጥር 20

ውድ ትርንጎ፣

ስልክ ስለማታነሺ ነው የምጽፍልሽ። አልተቀየምኩም፤ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም አላነሳም። ደብዳቤውን ፀደንያ ታደርስልሻለች። ለክትባት ሥራ ወደ ጌሻ ትወጣለች፤ ደካ ስትደርስ ትምህርት ቤትሽ ድረስ መጥታ እጅሽ ላይ እንደምታስቀምጠው ቃል ገብታልኛለች። ፖስታው ውስጥ እብጥ ያለ ነገር አለ። እሱን ለጊዜው ተይውና መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

መስከረም ላይ ዝውውርሽ ወጥቶ ልትሄጂ ስትይ አንድ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ነበር። የጃፈር ሱቅ በር ላይ ቆመናል፣ ዝናቡ ያካፋል። "ያን ቀን ስንት ነበር የወጣው?" አልሽኝ። "አሥራ አራት" አልኩሽ። ዣንጥላሽን ዘርግተሽ ሄድሽ። ይህ ደብዳቤ ስለዚያ መልስ ነው፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም። ታውቂኛለሽ፣ ቢሮ የሰብል ሠንጠረዥ ስሞላ የምውል ሰው ነኝ፤ ነገርን በየረድፉ ካላስቀመጥኩት አይገባኝም።

እናትሽ እሑድ እሑድ የት እንደምትውዪ ሲጠይቁሽ ምን ብለሽ እንደመለስሽላቸው ነግረሽናል። "ኢሳያስ ተረት ይጀምራል፤ እኔ፣ ጃፈርና ፀደንያ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ፈጥረን ተረቱ ውስጥ እንገባለን፤ ያሰብነው ይሳካ አይሳካ ዳይስ፣ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ያለበት ጠጠር፣ ተጥሎ ይወስናል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሳካል" አልሻቸው። እሳቸውም ታዲያ ማን ያሸንፋል ብለው ጠየቁ፤ ማንም እንደማያሸንፍ ሲሰሙ አዘኑልን። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም። ከስልክ አውርደን ያሳተምነው መጽሐፍ እንኳ እንደሱ አያስረዳም።

ተረት ጀማሪውም ዳኛውም እኔ ነበርኩ፤ በስስቴም ትስቁብኝ ነበር። ሽልማት መስጠት ላይ እጄ አይፈታም። ለጃፈር ወታደር የሰጠሁት ጋሻ በቀን አንድ ምት ብቻ ይመልሳል። ለፀደንያ ሐኪም የሰጠኋት ቅባት ሦስት ቁስል አድኖ ያልቃል። ጃፈር ከሚስማር ካርቶኖቹ መሀል ተቀምጦ፣ ኧረ በቀን ሁለቴ አድርግልኝ እያለ እንደ ገበያተኛ ይከራከረኛል፤ እምቢ እለዋለሁ። አስማት ያለበት ዕቃ ሲሰጥ ተቀባዩ ደስ ይለዋል ወይ ተብሎ አይጠየቅም፤ ማንን ደስ አይለውም? የሚጠየቀው ዕቃው ከመጣ በኋላ ለሌሎቹ ምን ሥራ ይቀራቸዋል ተብሎ ነው። ይህን ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። ከሥሩ "ገደብ የሌለው ዕቃ አይሰጥም" የሚል አለ፤ ሁለቴ አስምሬበታለሁ።

ያንቺ ሰው ባለገመዱ ነበር። ሰይፍ የለው፣ አስማት የለው፤ በገመዱ የማይወጣው ዛፍ የሌለ ቀልደኛ ሽማግሌ። "አባዬን ነው የሳልኩት" ብለሽን ነበር። አባትሽን ጋሽ ገብረሚካኤልን ማንኪራ የወሰድሽን ጊዜ አይቻቸዋለሁ። እኔን ቀና ብዬ ሳየው እንኳ የሚያዞረኝ ዛፍ ላይ ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው፣ ከላይ ሆነው ያ የቢሮ ልጅ በልቶ ያውቃል ወይ ብለው አሳቁብኝ። ወድጃቸው ነበር።

ግንቦት ላይ ማር ሊቆርጡ ወጥተው ገመዱ ተበጠሰ። ይህን ላንቺ መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ያጠፋሁት ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ጥቁርሽን ለብሰሽ መጣሽ። ቤት መቀመጡ እንደከበደሽ ነገርሽንና ወረቀትሽን አወጣሽ። ተረቱን ካቆምንበት ቀጠልን። ያቆምነው ደግሞ ባለገመዱ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ዛፍ እየወጣ ሳለ ነው። አንድ ወንዝ ወይም አንድ ገበያ አምጥቼ መቀየር እችል ነበር፤ አላሰብኩትም። ዳይሱን ከፊትሽ አንስቼ እኔ ጣልኩልሽና ወዲያው በመዳፌ ከደንኩት። "አሥራ አራት፤ ወጣ" አልኩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ባለገመዱ ቅርንጫፍ ላይ የተጠቀለለ ገመድ እንዳገኘ ተረክሁ። የማይበጠስ ገመድ ነው፤ ባለቤቱን ከየትኛውም አደጋ ስቦ ደረቅ መሬት ላይ ያቆማል። በቀን ስንቴ እንደሚሠራ አልተናገርኩም፤ ገደብ አልነበረውማ።

ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። እኔ ግን እናንተ ቤት የድንኳኑን ጥግ ይዤ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ተነስቼ ነበር የወጣሁት። ገመዱ ያኔ ያልሰጠሁሽ ማጽናኛ መሆኑ ነው። አባቷ ገመድ ተበጥሶ ለሞተባት ልጅ የማይበጠስ ገመድ! አሁን ስጽፈው ራሱ ያሳፍረኛል።

የቀረው ሒሳብ ነው። ባለገመዱን የሚነካው ስለጠፋ፣ ጨዋታው እንዳይቀዘቅዝ ጠላቶቹን አጠነከርኳቸው። እነሱም አንቺን መንካት ሲያቅታቸው የጃፈርን ወታደር መቱት፤ ሁለቴ ወደቀ። የፀደንያ ቅባት እሱን ሲያነሳ አለቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጃፈር ሱቁን ዘግቶ ይሞግተኝ ነበር፤ በሐዘንተኛ ፊት ግን ምን ብሎ? ፀደንያ ተራዋ ሲደርስ ትርንጎ በገመዱ ታድርገው ማለት ለመደች። በየሳምንቱ ያንቺ ሰው ብቻ ያሳካል፣ በየሳምንቱም ቀድመሽን ተነስተሽ ትሄጃለሽ። ይህን ሁሉ እያየሁ ደብተሬ ላይ እመዘግብ ነበር፤ ገመዱን ለመቀነስ ግን አፌ አልታዘዘኝም። ካንቺ ላይ ምን ይቀማል?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እርሳስሽን አስቀመጥሽ።

"እናንተ እኮ እየተጫወታችሁ አይደለም" አልሽ። "እሑድ እሑድ ለቅሶ ነው የምትደርሱኝ።"

ወረቀቶቻችንን ሰበሰብን። ከዚያ ያ በር ላይ የጠየቅሽኝ ጥያቄ መጣ፤ ከዚያ ደካ ሄድሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሁለት እሑድ ሞከርን። ባለገመዱን ተረቱ ውስጥ ታሟል ብዬ መንደር አስቀረሁት። ጨዋታው ሚዛኑ ተመለሰለት፤ ጋሻው በቀን አንዴ ይመልሳል፣ ጃፈርም ይከራከራል። በሠንጠረዥ ቢታይ ምንም አይጎድለውም። ግን ሦስታችንም ወንበርሽን እያየን ነበርና ተውነው።

ያለፈው እሑድ ሁለቱን ቁጭ አድርጌ ያን ቀን የወጣውን ቁጥር ነገርኳቸው። ፀደንያ አንገቷን ደፋች። ጃፈር ሻዩን እያማሰለ፣ "ትርንጎ በቀኝህ ነበር የተቀመጠችው" አለኝ። "መዳፍህ ሳይደርስ አይታዋለች። እኔ ፊቷን እያየሁ ነበር።"

ለካስ በሩ ላይ ስትጠይቂኝ ቁጥሩ ጠፍቶሽ አልነበረም። ከእኔ አፍ መስማት ነበር የፈለግሽው። ሦስት ወር ጠበቅሽኝ፤ ሲደክምሽ ራስሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔ ደግሞ ዓይንሽን እያየሁ ዋሸሁሽ። በሐዘንሽ ወቅት ሁሉም ሰው እየተጠነቀቀ ሲያናግርሽ፣ እንደ ድሮው የሚያናግርሽ አንድ ጠረጴዛ ፈልገሽ ነበር የመጣሽው፤ እሱን ነው ያበላሸሁብሽ። በጣም አዝናለሁ። ናፍቀሽኛልም፤ ይህን በየትኛው ረድፍ እንደማስቀምጠው አላውቅም።

አንድ ነበር፣ ትርንጎ። ከዚያ ከፍታ ላይ አንድ የወጣለት ሰው ይወድቃል፤ ሕጉን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ፖስታው ውስጥ ያለው ባለሃያ ገጹ ዳይስ ነው። ፀደንያ ከአዲስ አበባ ያመጣችው ያው እሱ ነው፤ ሌላ እንደሌለን ታውቂያለሽ። አብሮት የባለገመዱ ወረቀት አለ። የማይበጠሰውን ገመድ ሰርዤዋለሁ፤ አሮጌውን ገመዱን ትቼለታለሁ። አንዱ ይጽና ካልሽ ባለገመዱ ሞቷል፤ ትመጪና አራታችን በወጉ እንቀብረዋለን። አዲስ ሰው ትፈጥሪያለሽ፤ በቀን አንዴ ብቻ የሚሠራ ነገር እሰጥሻለሁ፤ ትከራከሪኛለሽ፤ እምቢ እልሻለሁ። ዳግም ይጣል ካልሽ ደግሞ ሽማግሌው አሁንም ዛፉ ላይ ነው፤ በራስሽ እጅ ጣዪው፣ የወጣው ይሁን።

እኔ መዳፌን አንስቻለሁ።

ኢሳያስ