እጅ ስላላወዛው ቅባትና ስለታሸገው በር

ለተከበሩ የመዋቢያ ምርቶች ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ ከእናቴ ጋር የእጅ ቅባት የምቀምም ሴት ነኝ፤ የመሥሪያ ክፍላችን በር ከታሸገ ሃያ አንድ ቀን ሞላው። ከቅባቴ የተወሰደው ናሙና የላቦራቶሪ ውጤት እስከ ዓርብ ካልቀረበ ፈቃዴ እንደሚሰረዝ በደብዳቤ ስላሳወቁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

አንደኛ፦ የላኩልኝ ተቆጣጣሪ እጅግ ትጉህ ሰው ናቸው። ቅባቴን በተሰነጣጠቀው የእጃቸው ጀርባ ላይ አሹ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፣ ጠበቁ። እጃቸው አልወዛም። የማያወዛ ቅባት ውሃ የበዛበት ነው ብለው ጻፉና አሸጉ። ቅባቱን ከምቀምምባቸው ነገሮች አንዱ በተቀመጠበት በርሜል ላይ አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ይህ ከስብ አሲድና ከአልኮል በፋብሪካ የሚሠራ ጥርት ያለ ፈሳሽ ቅባቱን በቆዳ ላይ በቀላሉ እንዲዳረስና እንዳያጨማልቅ የሚያደርግ መሆኑን፣ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ፣ በደስታ ባስረዳኋቸው ነበር። ደንበኞቼ የሆስፒታል ልብስ አጣቢዎች ናቸው፤ እጃቸው ከወዛ ያጠቡት አንሶላ መልሶ ይቆሽሽባቸዋል።

ሁለተኛ፦ የበርሜሉን ጽሑፍ ያነበቡት ካሸጉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም «ሰው ሠራሽ» የሚል ሌላ ክስ ጨመሩልኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሰው ሠራሽ ነው፤ በሬን ያሸጉበት ላስቲክም ከዛፍ አልተለቀመም። እናቴማ ጥርሳቸውስ የራሳቸው ነው ወይ ብላ ልትጠይቃቸው ስትል በስንት ልመና ዝም አሰኘኋት።

ሦስተኛ፦ ብልቃጡ ላይ ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ፊቱን ባይቀባው ይሻላል ብዬ ጽፌያለሁ፣ የቆዳውን ቀዳዳዎች ሊደፍንበት ይችላልና። ይህ ሐቅ በሪፖርቱ ላይ «ጥፋቷን በገዛ እጇ አምናለች» ተብሎ ሰፍሯል። ከእንግዲህ «ለሁሉም ቆዳ ተስማሚ» እያልኩ እንድዋሽ ስላስተማሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

ተቆጣጣሪው ለናሙና አንድ ሙሉ ብልቃጥ ፈርመው ወስደዋል። ላቦራቶሪው ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ብጠይቅ አልደረሰንም ይላል። ቢሮዎም ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት፤ ይህን ያህል የሚሰበሰቡት ስለ እኛ ይሆናል እያልኩ እጽናናለሁ። ትናንት ከአጣቢዎቹ አንዷ የጠቀለለችበትን ጨርቅ ፈትታ እጇን አሳየችኝ። በረኪናው ሥጋዋ ድረስ ገብቷል። ቅባት ስጪኝ ስትለኝ የምሰጣት አልነበረኝም፤ ክቡርነትዎ፣ ይህን እንኳ በትሕትና መጻፍ አልቻልኩም።

ዓርብ ሳይደርስ ናሙናውን እንዲያስፈልጉልኝ፣ ካልተገኘም ሌላ እንዲያስወስዱልኝ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ያለ ሥራ፣ ያለ ወዝ፣ ነገር ግን ከወገብ ዝቅ ካለ አክብሮት ጋር፣
ቅባት ቀማሚዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ተቆጣጣሪው ዛሬ ጠዋት ማኅተሙ አለመነካቱን ሊያዩ መጥተው ነበር። ያ የተሰነጣጠቀ እጃቸው ድኖ፣ ለስልሶ አገኘሁት፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ላቦራቶሪው ናሙናው ከጠፋበት እሳቸውን ይመርምርልኝ። ሲወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ብልቃጥ ይኖርሽ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ሞልቷል፤ ካሸጉት በር ኋላ።