ከካርቦን ማጠቢያው በታች

ሰኞ፣ የካቲት 9

ዓሣ ሲለቅሙ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ቤት ገብቼ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

የሄድኩት ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ተልኬ፣ ለሥራ ነው። በአቦቦ መንገድ የሩዝ ገለባ አክስሎ ውሃ የሚያጣራ ካርቦን የሚሠራ ድርጅት አለ። ገለባው ይከስላል፣ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንደገና ይጋገራል፣ በመጨረሻ ይታጠባል። ፈቃድ ሲጠይቁ የአካባቢ ግምገማውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። የዛሬው ክትትል ነበር።

ከማጠቢያው በታች ወንዙ ደርቆ ኩሬ ኩሬ ሆኗል። ሴቶችና ልጆች በቅርጫት ዓሣ ይለቅማሉ። በበጋ ኩሬ ሲጎድል እዚህ የተለመደ ስለሆነ ምንም አላልኩም። አንዷ ትልቅ ዓሣ አንስታ ሰጠችኝ። ጾም ገብቷል ብዬ መለስኩላት። ሳቁብኝ።

ወደ ጋምቤላ ስመለስ፣ መኪናው ውስጥ ነው ድንገት ብልጭ ያለልኝ። አንድም ሰው መረብ ወይም ጦር አልያዘም። ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

የአሲድ መለኪያ ወረቀት ይዤ ተመልሼ ሄድኩ።

ከማጠቢያው የፍሳሽ ቱቦ በላይ፦ ደህና።
ቱቦው አፍ ላይ፦ ቀይ፣ አሲድ።
ሴቶቹ የሚጠጣ ውሃ የሚቀዱበት ኩሬ፦ ቀይ።

ቢሮ ገብቼ የድሮውን ፋይል አወጣሁ። የለካሁት ነሐሴ ላይ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ሲጋልብ። “ወንዙ በቂ ውሃ ስላለው ጉዳቱ አነስተኛ ነው” ይላል። የኔ ጽሑፍ፣ የኔ ፊርማ። ጋምቤላ ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ይህ ወንዝ የካቲት ላይ ምን እንደሚመስል ጠፍቶኝ አይደለም። ቸኩዬ ነበር። መኪናው ለሌላ ሥራ ይፈለግ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ ደግሞ ገለባ ምን ያመጣል ብዬ ነበር።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ምሳ ቀረበልኝ። ሳልበላው ፋይሉን እንደገና አነበብኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ዛሬ አሪየትን አነጋገርኳት። የታችኛው መንደር ሴት ናት፤ አኙዋ። ድርጅቱ ውስጥ ካርቦን ታጥባለች። ከመንደሩ ደመወዝ የሚያገኙት አራት ሴቶች ናቸው፣ አንዷ እሷ።

አሲዱ ከካርቦኑ መልቀቁን በምን እንደምታውቅ ጠየቅኳት።

“ወረቀት ነበረ፣ አለቀ። አሠሪያችን ሌላ አላመጣም። እኔ ቀምሼ ነው የማውቀው። ውሃው ኮምጣጣ ከሆነ እንደገና ይታጠባል። ካልሆነ ይበቃል።”

ሌሎቹ ሲጠራጠሩ እሷን ነው የሚጠሩት። የኔ ምላስ ጎበዝ ነው አለችኝ፣ በኩራት። አወጣችና አሳየችኝ። ጠርዙ ነጭ ሆኖ ተልጧል። ጣቶቿም እንደዚያው። ከዚያ እሷው ቀጠለች።

“ጨው ብቻ አሁን አላውቅም። ልጆቹ ወጥ ጨው በዛ ይላሉ። እኔ ምንም።”

የኩሬው ውሃ አይኮመጥጥም ወይ አልኳት። በበጋ ውሃ ሁሌ መጥፎ ነው አለችኝ።

በጣም ነው ያፈርኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ከኃላፊዬ ጋር ጠዋቱን ሙሉ ተነታረክን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር አይወድም።

ስንታየሁ፣ ገለባ ነው እኮ፣ የተፈጥሮ ነገር ነው አለኝ። ካርቦኑ ለስደተኞች መጠለያ ውሃ ማጣሪያ ነው የሚሄደው፣ ይህንን ልታቆሚ ነው? ዝናቡ ሲመጣ አጥቦ ይወስደዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ግምገማው ላይ ያለው ያንቺ ፊርማ ነው።

አዎ፣ የኔ ነው። ስለዚህ የሪፖርቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይህንኑ ጻፍኩ። የነሐሴው ግምገማ ስህተት ነበር፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። ያባርሩኝ ይሆን? እናቴን ምን እላታለሁ? የመጠለያው ሰዎችስ ማጣሪያ ቢያጡ? አሪየት ሥራ ስታጣስ? ሁሉንም በየተራ አሰብኩና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ኃላፊዬ የእግድ ደብዳቤ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ጥፋቱን እኔ ስለወሰድኩ ቀሎት ይመስለኛል። ማጠቢያው የፍሳሽ ማጣሪያ ጉድጓድ እስኪሠራ ድረስ ይቁም ይላል ደብዳቤው። ቢሮው መኪና የለም ስላለኝ በሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሥራው እኩለ ቀን ላይ ቆመ። የመንደሩን ሴቶች ሰበሰብኩ። ከኩሬው እንዳትጠጡ፣ የተንሳፈፈ ዓሣ አትብሉ አልኩ። አሪየት ወደ አኙዋኛ ተረጎመችልኝ። ሥራዋን ያስቆምኩት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም አንድም ቃል ሳትዘል ተረጎመች። ሴቶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። አንዲት አሮጊት ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

“እስከ መቼ ነው ይላሉ።”

እስከ ክረምት፣ ምናልባት ከዚያም በላይ አልኩ።

“እስከዚያ ከየት እንቅዳ ይላሉ።”

የመንደሩ የእጅ ውሃ ፓምፕ ከተሰበረ ሁለት ዓመት እንደሆነው የሰማሁት ያኔ ነው። ሪፖርቴ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም። አምስት ቀን ሙሉ ስለ አሲድ ሳስብ፣ ስለ ውሃ አላሰብኩም። ቢሮ ሄጄ እጠይቃለሁ አልኩ። አሪየት ይህንንም ተረጎመች።

ሴቶቹ ተበተኑ። አሪየት ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ ጄሪካኗን አነሳች፣ ወደ ኩሬው ወረደች። ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋ መቅዳት ጀመረች። እኔ ዳር ላይ ቆሜ አየኋት። ቦርሳዬ ውስጥ ግማሹ የተጠጣ የታሸገ ውሃ ነበረኝ። አትቅጂ ማለት አልቻልኩም።