ሞተርህ ቤንዚን ያፈሰሰ ዕለት

ይድረስ ለበኩር ልጄ፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ብቻ ከምትበልጥህ እናትህ። ያለህበት አገር አየር ይስማማህ፤ ጉልበትህ ይጽና፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። ነገር ግን ከባድ ወሬ ስላለ፣ እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጭቃና ኮረኮንች የምትጋልብበት ባለ አራት ጎማ ሞተርህ ክፉኛ ታመመ። "ሽጪለት" ብለህ የላክኸው ገዢ ማክሰኞ መጥቶ ገና ሳይቀመጥበት ቤንዚን ሸተተው። ጎንበስ ቢል ከሰልባትዮው፣ ከቤንዚን መያዣው ሥር፣ ቤንዚኑን በሚከፍተውና በሚዘጋው መክፈቻ በኩል ጠብ ጠብ ይላል።

"እትዬ፣ ቤቱን ሳያነድ ያውጡት!" ብሎኝ ውልቅ አለ። እኔም እንደ ሐዘንተኛ አንገቴን ደፍቼ ሸኘሁት።

መካኒኩ አጎትህ መጣ። መጀመሪያ ምድጃውን አስጠፋኝ። ቤንዚኑን በጄሪካን ቀዳና መክፈቻውን ፈታ፤ ለክፉም ለደጉም ብሎ ቤንዚን እንዳያፈስ የምትይዘውን የላስቲክ ቀለበት ቀይሮ ብሎኖቹን አጠበቀ። ከሥሩ ጨርቅ አንጥፈን ጠበቅን፤ አንድ ጠብታ የለም። ከዚያ አሮጌዋን ቀለበት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አያት።

"እህቴ፣ ይቺ እኮ ምንም አልሆነችም። ብሎኑን ማን አላላው?"

"አይጥ ይሆናል።"

"ፒንሳ የሚይዝ አይጥ?"

ልጄ፣ ሞተሩ ከተሸጠ ወደ ቤት የሚመልስህ ነገር አንድ የሚጎድል መስሎኝ ፈራሁ። ፈጣሪ በጤና ያገናኘን፤ መንገድህን ያቅናልህ። እስክትመጣ ድረስ ሽጪው አትበለኝ፣ አደራ። ደግሞ አትቆጣ፤ ይሄን ያህል የሚያስቆጣ ነገር የለውም። ያላላሁት ግማሽ ዙር ብቻ ነው።