ባቡሩን ማን መታው?

ሕሉፍ ወንድሜ፣ ዛሬ ጠዋት ልጄን ሊያን ቀስቅሼ፣ የስለቱን ጥላ፣ ውሃና ዳቦ ይዤ ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ ልንወጣ ተነሳን። መኪናው እስኪሞላ ብዬ ምድር ባቡር ግቢ ያቆሙትን፣ ድሮ በእንፋሎት ይሄድ የነበረውን ባቡር ላሳያት ወሰድኳት። ጥቁር ነው፣ ዝገት በልቶታል። የሰፈሩ ልጆች ይንጠላጠሉበታል። የኔዋ በሩቁ ቆመች።

«አባ፣ ይሄን ማን መታው?»

ጥበቃው ሳቀ። «ነይ ውጪበት አቦ፣ አይነክስም!»

ልጄ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችለት፦ «ብረት አትንኪ። አትርገጪ። ትልቅ ሰው ጥሪ።» ያስጠናኋት እኔው ነኝ፤ ዋጃ መንገድ ዳር፣ ከተቃጠለው ታንክ ሥር የጎረቤታችን ልጅ ፈንጂ ከነካ ወዲህ። እዚህ ብረት ለልጅ መጫወቻ ነው፤ እኛ ጋ ልጅ ይበላል።

ስለቴን ታውቃለህ፤ ፍርሃቷ ከለቀቃት ጥላ አስገባለሁ ብዬ ነበር። የለቀቃት መስሎኝ ነው የመጣሁት። ላልዳነች ልጅ ጥላ ይዤ ገብርኤል ፊት አልቆምም፣ ነገ ወደ ቤታችን፣ ወደ ቆቦ እንሳፈራለን።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ለተ ብርሃንን፣ ልጆቹን፣ እናትህን ሳምልኝ። ጥላው እጄ ላይ ነው። ስለቱ አልተከፈለም።