«አንተ ና» የምትይበት ቦታ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ብርዱ አልጎዳሽም? ባልሽስ፣ ትንሿስ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁም። አልዋሽሽም፣ እንቅልፉ አንዳንዴ ነው። እጄ ዘገምተኛ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ሦስተኛ ቀኔ ነው።

«ወንድሜ የቀዳውን ዘፈን ከስልኩ አጥፊው፤ እኔን ሲጠብቅ ነው የሞተው» ብለሽ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። አላጠፋሁትም፣ ልጄ። እንደማላጠፋውም ልነግርሽ ነው የምጽፈው።

መቼም ታስታውሻለሽ፤ ያ የፈረንጅ ዘፈን በሬዲዮ በመጣ ቁጥር ወንድምሽ የሚሠራበት የሶፋ ቤት መጋዙ ሁሉ ይቆም ነበር። ሰውየው በገጠር ዜማ፣ ከጊታሩ ጋር እየተጎተተ ይመጣል፤ ሴትየዋ በከተማ ምት ትቀድመዋለች። ቋንቋውን አንዳችንም ባናውቀው መነቋቆራቸው ይገባን ነበር። እናንተ ደግሞ የራሳችሁን ቃል አለበሳችሁት። እሱ «ነይ፣ በፈረሴ ልውሰድሽ» ሲል አንቺ «አንተ ና፣ አስፋልቱ አይነክስህም» ትይዋለሽ። ማንም የማይጎዳበት ጠብ ሌላ የት አለ? እኔ የወደድኩት ለዚህ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቦታሽን ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ግን ምላሴ እየተሳሰረ «አንቺ ነይ» እለው ነበር። የሶፋ ቤቱ ቫርኒሽ ቀቢ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ወንድምሽም «እማዬ፣ ፂሜን ላጭተሽ ቀሚስ አለበስሽኝ እኮ!» ይለኛል።

ላንቺ ሲቀዳ አጠገቡ ነበርኩ። ሳንባው እንዲያ ደክሞም ከአልጋው ቀና ብሎ የራሱን ግማሽ ዘፈነ። ያንቺ ተራ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ከዚያ የሰደብሽው ያህል ይስቃል። ያንቺን ግማሽ ዘፍነሽ እንድትመልሺለት ላከልሽ፤ ግማሽሽ ሳይመጣ ሲቀር «ተቀየምካት?» አልኩት። «ሥራ በዝቶባት ነው። እሷ ደግሞ መልስ አጥታ አታውቅም፤ ምን እንደምትለኝ ይሰማኛል» አለኝ። ብዋሽሽ የአባትሽ አጥንት ይውጋኝ።

ባለፈው እሑድ ብቻዬን ከፈትኩት። ቦታሽ ሲደርስ ልሙላው ብዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሳሳት «አንተ ና» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁት። «ና» የምትል አንዲት ፊደል እንዲህ ትከብዳለች አላልኩም። ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም።

ቫርኒሽ ቀቢው «እህቴ ትዘፍንልሽና ይሙላ» ቢለኝ እምቢ አልኩት። አንቺንም ሙይው አልልሽም። ብቻ አጥፊው አትበይኝ። እዚያ ቦታ ላይ የሚሰማው ሳቁ ነው፣ ቅያሜ የለበትም። ስትመጪ አብረን እንሰማዋለን፤ ካለቀስንም አብረን ነው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አክስትሽን በጣም ናፍቀሻታል፤ ቫርኒሽ ቀቢውም ሰላም ብሎሻል። ከእሱ ቀጥሎ የተሰረዘ መስመር ታያለሽ፤ አትደንግጪ። እጄ ለምዶበት «ወንድምሽም ሰላም ብሎሻል» ብሎ ጽፎ ነው።

እናትሽ
ከቤታችን፣ ኅዳር ፱ ቀን